መድሃኒቱ ያመጣው መቁነጥነጥና መንቀጥቀጥ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ቤተሰቦችና ተንከባካቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ልጁ መናገር አይችልም። ይረበሻል፣ ይማታል፣ እጁን ይነክሳል። ቤተሰቡ ሲጨንቀው ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፔሪዶን የሚባል የአእምሮ መድሃኒት ይታዘዝለታል። ለጥቂት ቀናት ረጋ ይላል። ከዚያ መቀመጥ ያቅተዋል፤ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሲመላለስ ይውላል፣ ይጮኻል፣ የያዘውን ሰው ይገፈትራል። "ብሶበታል" ይባልና ዶዙ ይጨመርለታል። ዶዙ ሲጨመር መቁነጥነጡም ይጨምራል።

ይህ ዙር በብዙ ቤት አለ፣ ሊሰበርም ይችላል። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ላይ አዲስ ጸባይ ባያችሁ ቁጥር፣ ዶዝ ከመጨመሩ በፊት መጀመሪያ ሰውነቱ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪታንያ የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህን መድሃኒቶች ከሚወስዱ ሰዎች መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ላይ የእንቅስቃሴ ችግር የሚመዘገበው ውስንነቱ ከሌለባቸው 30 በመቶ ገደማ በበለጠ ነው። ያውም የተመዘገበው ብቻ ነው። "እግሬ አላርፍ አለኝ" ብሎ መናገር የማይችል ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል።

ከታች የምታገኟቸው የመድሃኒት መጠኖች ከሐኪም ጋር ለመነጋገር እንዲረዷችሁ እንጂ ቤት ውስጥ በራሳችሁ እንድትሰጡ አይደሉም።

1ኛ. የመድሃኒቱን ታሪክ በወረቀት ላይ አውጡ

ቤት ያለውን ክኒን፣ ሽሮፕና ማዘዣ ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቡ። የእያንዳንዱን ስም፣ መጠን፣ የተጀመረበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። ቀኑ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል፤ ችግሩ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት አንዱ ትልቁ ፍንጭ መድሃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተቀየረ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለው ነው።

በአብዛኛው ጥፋተኛ የሚሆኑት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ በየጥቂት ሳምንቱ በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚንና ሪስፔሪዶን ናቸው። መርፌውን በተለይ አትርሱት። ቤት ውስጥ ክኒኑ ስለማይታይ ብዙ ሰው "ምንም አይወስድም" ይላል፤ መድሃኒቱ ግን ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል።

የሚረሱ ሌሎችም አሉ። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት፣ ልክ እንደ አእምሮ መድሃኒቶቹ አንገት ሊያጣምም ይችላል። የአውሮፓ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ5 ቀን በላይ እንዳይሰጥ የመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚጥል በሽታ መድሃኒቶችም አሉበት። ቫልፕሮኤት እጅ ያንቀጠቅጣል። ፌኒቶይን ከልክ ሲያልፍ ያንገዳግዳል። ካርባማዜፒን ደግሞ የሃሎፔሪዶልንና የሪስፔሪዶንን መጠን ደም ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ካርባማዜፒን ሲቋረጥ የሌላውን ዶዝ ማንም ሳይነካው ሰውየው በድንገት ሊገተር ይችላል።

በዝርዝሩ ግርጌ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ይህ መድሃኒት መጀመሪያ ለምን ታዘዘ? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ እሱም ራሱ ለሐኪሙ የሚነገር ነገር ነው።

2ኛ. የራሱ የሆነውን ከመድሃኒቱ ለዩ

ብዙ የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የራሳቸው እንቅስቃሴ አላቸው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ፣ እጃቸውን ያራግባሉ፣ ጣታቸውን ዓይናቸው ፊት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ በሽታ አይደለም፣ አይታከምምም። ሴሬብራል ፓልሲ (ገና ከልጅነት በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡንቻው ከመጀመሪያውም ግትር ነው። እንግዳ ሐኪም በአንድ ጉብኝት ይህን ሁሉ ሊለይ አይችልም። የምትለዩት እናንተ ናችሁ።

የራሱ የሆነው እንቅስቃሴ ለዓመታት አንድ ዓይነት ነው። ሲደሰት ወይም ሲሰለች ይብሳል። ስሙን ስትጠሩት ወይም የሚወደውን ነገር ስትሰጡት ብዙ ጊዜ ቆም ያደርገዋል። መድሃኒት ያመጣው ግን የመነሻ ቀን አለው። ዶዝ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ብዙ ጊዜም ድሮ ያልነበረበት ቦታ ላይ ይመጣል፤ ምላስ፣ ከንፈር፣ መንጋጋ፣ የእግር ጣት።

መድሃኒቱ ገና ካልተጀመረ ዛሬውኑ በስልካችሁ የሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ፊቱ፣ ቁጭ ሲል፣ ሲራመድና ሲበላ ይታይ። ከተጀመረ ቆይቶ ከሆነ ዘመድ ቤት ጠይቁ። የሠርግ፣ የልደት፣ የጥምቀት ቪዲዮ ውስጥ ከኋላ ቁጭ ብሎ የተቀረጸበት አይጠፋም። ያ ትንሽ ቁራጭ ቪዲዮ ሐኪም ፊት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

3ኛ. የትኛው ዓይነት እንደሆነ በጊዜው ለዩት

*በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚመጣው፦ የጡንቻ መጣመም።* መድሃኒቱ በተጀመረ ወይም በተጨመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። አንገት ወደ አንድ ጎን ይዞራል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ምላስ ይወጣል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ሃሎፔሪዶል በመርፌ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ለሚያየው ሰው እጅግ ያስደነግጣል። አንዳንዱ "መንፈስ ነው" ይላል፣ አንዳንዱ የሚጥል በሽታው ተነሣ ብሎ ክብሪት ያጨሳል። መለያው ቀላል ነው፤ ሰውየው አልሳተም። ይሰማችኋል፣ ያያችኋል፣ ያማል፣ ይፈራል። መፍትሔውም ቅርብ ነው፣ በአንድ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

*በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚመጣው፦ መቁነጥነጥ።* ሐኪሞች አካቲዢያ ይሉታል። ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት በዚህ ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። ውስጡ እረፍት ያጣል፤ ቆዳውን ጥሎ መሮጥ የሚያሰኝ ስሜት ነው ይላሉ መናገር የሚችሉት። ሲቆም አንዱን እግር ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል። ሲቀመጥ ወዲያው ይነሣል። ማዕድ ላይ ሁለት ጉርሻ በልቶ ይሄዳል። ሌሊት አልጋ ላይ ይገላበጣል። መናገር የማይችለው ደግሞ ስሜቱን በሌላ ያወጣዋል፤ ይማታል፣ ራሱን ይመታል፣ በር ይሰብራል፣ ከቤት ይጠፋል።

ከቀድሞ ረብሻው እንዴት ይለያል? የቀድሞው ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው፦ ሲከለከል፣ ሲርበው፣ ጫጫታ ሲበዛበት። መቁነጥነጡ ግን ምንም ሳይነካው፣ በጸጥታ ሰዓትም ይመጣል። ሲራመድ ቀለል ይለዋል፣ ሲያዝ ወይም ሲታሰር ይብስበታል። ዶዝ ከተጨመረ በኋላ ባሉት ቀናት ከባሰ፣ ጥርጣሬያችሁን ከፍ አድርጉት።

*በሳምንታትና በወራት ውስጥ የሚመጣው፦ መገተርና መዝገም።* ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ፊቱ ስሜት አልባ ይሆናል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሲራመድ እጁ አይወዛወዝም፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አደጋው ምን መሰላችሁ? ቤተሰብ ይወደዋል። "ተመስገን፣ ረጋልን" ይባላል። እሱ ግን አልረጋም፣ ተቆልፎ ነው። መዋጥ ስለሚከብደው ትን ይለዋል፣ ምግብ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ሳንባ ምች ይይዘዋል። ድሮ ራሱ ይበላ የነበረ ሰው ማጉረስ ካስፈለገው፣ ድሮ ደረጃ የሚወጣ ሰው ከወደቀ፣ "እያረጀ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

*ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣው፦ ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ።* ማስቲካ እንደሚያኝክ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ምላሱን ያወጣል ይመልሳል፣ ከንፈሩን ያጣብቃል፣ ጣቶቹ ፒያኖ እንደሚነካ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከሁሉም ለመዳን አስቸጋሪው ይህ ነው፤ መድሃኒቱ ቢቆምም የማይለቃቸው አሉ። ስለዚህ ገና ሲጀምር መያዝ አለበት። አንድ ማሳሰቢያ፦ አፍ ማንቀሳቀሱ ከታመመ ጥርስም ሊሆን ስለሚችል ጥርሱንም አሳዩ።

4ኛ. ወዲያው ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱትን እወቁ

ሁለት ናቸው። አንደኛው ጡንቻ መጣመሙ ወደ ጉሮሮ ሲሄድ ነው፦ መተንፈስ ሲከብደው፣ ድምፁ ሲታነቅ፣ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው።

ሁለተኛው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን ሊገድል ይችላል። ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ መፍዘዝ ወይም መቃዠት፣ ላብ፣ ከፍ ዝቅ የሚል የደም ግፊት። የአእምሮ መድሃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና ግትርነት አብረው ከታዩበት "ወባ ይሆናል፣ ታይፎይድ ይሆናል" ብላችሁ ቤት አትቆዩ። ቀጣዩን ክኒን አትስጡት፤ የክኒኖቹን ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፣ በር ላይም "የአእምሮ መድሃኒት ይወስዳል" በሉ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ የሚያስበውን ትቀይራለች።

5ኛ. ቤት ውስጥ በየጊዜው መርምሩት

ኤይምስ የሚባል የታወቀ መመዘኛ አለ፤ 12 ጥያቄዎች ያሉትና እንቅስቃሴውን ከ0 እስከ 4 የሚለካ ነው። ዲስከስ የሚባለው ባለ 15 ነጥብ መመዘኛ ደግሞ በተለይ የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። ሁለቱንም የሳይካትሪ ባለሙያ ሊሞላላችሁ ይችላል። እናንተ ቤት ውስጥ የምታደርጉት የዚያን ቀለል ያለ ዓይነት ነው።

አፉ ውስጥ ማስቲካ ወይም ከረሜላ አለመኖሩን እዩ። ጫማና ካልሲውን አውልቁለት። የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጥ። ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳትሉት ፊቱን፣ እጁንና የእግር ጣቶቹን ተመልከቱ። ከዚያ አፉን እንዲከፍትና ምላሱን እንዲያወጣ አድርጉ። አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ ያነካካ፤ እጁ ሥራ ሲይዝ የፊቱና የእግሩ እንቅስቃሴ ጎልቶ ይወጣል። በመጨረሻም ይነሣ፣ ይራመድ፣ ዞሮ ይመለስ። ክንዱን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አጠፍ ዘርጋ አድርጉት፤ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ወይም እንደ ቧንቧ ከደረቀ ጻፉት።

ትእዛዝ የማይረዳ ከሆነ አታስገድዱት። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላችሁ እናንተ አድርጉት፣ ብዙዎቹ ይከተላሉ። ካልተከተለም ሲበላ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ፣ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ማየት ይበቃል። ሁሌ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ሰው ቢሆን ከቀድሞው ጋር ለማነጻጸር ይቀላል።

6ኛ. ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

"አስቸገረን" ብላችሁ አትጀምሩ። በዚያ ቃል ከጀመራችሁ ዶዝ መጨመር ነው የሚከተለው። "መድሃኒቱ ከተጨመረ በኋላ በአምስተኛው ቀን መቀመጥ አቃተው፣ ቪዲዮው ይኸው" በሉ። ከዚያ ጠይቁ፦ ይህ ከመድሃኒቱ ሊሆን ይችላል? ዶዙን መቀነስ ይቻላል? ወደ ሌላ መቀየርስ? በአሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኙ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጅ ለወላጅ እንዲህ ያለውን እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ሕክምናው በየዓይነቱ ይለያያል።

ለጡንቻ መጣመም፦ ባይፔሪደን 5 ሚሊግራም ወይም ፕሮሜታዚን ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም በጡንቻ ለአዋቂ ይሰጣል፤ ለሕፃን በክብደት ይሰላል። ከለቀቀው በኋላ ተመልሶ እንዳይመጣ ለጥቂት ቀናት በአፍ የሚወሰድ ይቀጥላል። ያመጣው መድሃኒት በዚያው መጠን እንዳይደገም ግን በግልጽ ጠይቁ።

ለመቁነጥነጥ፦ መጀመሪያ ዶዙን መቀነስ ወይም መቀየር ነው። ካልበቃ ፕሮፕራኖሎል 10 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ተጀምሮ ቀስ እያለ ሊጨመር ይችላል። አስም ያለበት፣ የልብ ምቱ ዝግ የሚል ወይም ግፊቱ የወረደ ሰው አይወስደውም። ዳውን ሲንድሮም ካለበት የልብ ችግር አብሮ ሊኖር ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሩ። ሌላው አማራጭ ሚርታዛፒን በ15 ሚሊግራም ነው፤ ያስተኛል፣ የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል።

ለመገተር፦ አሁንም መቀነስና መቀየር ይቀድማል። አርቴን የሚባለው ትራይሄክሲፌኒዲል ይረዳል፤ በሀገራችን በብዛት የሚታዘዘውም እሱ ነው። ነገር ግን ለዓመታት "ከሃሎፔሪዶል ጋር አብሮ" እየተባለ ያለ ምክንያት መቀጠል የለበትም። ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያግዳል፣ አፍ ያደርቃል፣ ማስታወስን ይጎዳል። ድሮም ለመማር ለሚቸገር ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሆድ ድርቀቱም ዝም ተብሎ ከታየ አንጀት እስከመዝጋት ይደርሳል፣ ሕይወትም ያሳጣል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ገደማ "አሁንም ያስፈልገዋል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለታርዲቭ ዲስኪኔዥያ፦ አርቴን አይረዳም፣ ብዙ ጊዜም ያብሰዋል። አርቴን ቀስ ተብሎ ይወጣል፣ ያመጣው መድሃኒት ይቀነሳል፣ የአእምሮ ሕመሙ የግድ መድሃኒት የሚፈልግ ከሆነ እንደ ኩዊቲያፒን ወይም ክሎዛፒን ወዳለ ችግሩን እምብዛም ወደማያመጣ ይቀየራል። ክሎዛፒን መደበኛ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ምርመራው በአቅራቢያ ከሌለ አይጀመርም። ቫልቤናዚንና ዲውቴትራቤናዚን የሚባሉ ሁለት መድሃኒቶች ለዚሁ ችግር እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። እዚያ ያላችሁ ስማቸውን ጠቅሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

7ኛ. መድሃኒቱ ከነጭራሹ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ

እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አለ። 86 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና የሚማቱ ሰዎች በሦስት ተከፍለው ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን ወይም መድሃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። በሦስቱም ረብሻው ቀነሰ። በብዛት የቀነሰው ግን ባዶውን ክኒን የወሰዱት ላይ ነበር። ይህን ሁሉም ቤተሰብ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። መድሃኒት አይረዳም ማለት አይደለም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ የሚያምታታው፣ ባይፖላር ያለበት ሰው ያስፈልገዋል። ለረብሻ ብቻ ተብሎ የተጀመረ ግን ዕድሜ ልክ መቀጠል የለበትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ስቶምፕ የሚል ዘመቻ የጀመረችው እንዲህ ያለ ያልተገባ መድሃኒት እንዲቀነስ ነው።

ከመድሃኒት በፊት የሚታይ ብዙ አለ፦ የታመመ ጥርስ፣ የጆሮ ሕመም፣ ሆድ ድርቀት፣ ጨጓራ፣ የወር አበባ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሚያስፈራ ጎረቤት፣ ሲመታው ማንም ያላየው ሰው። መናገር የማይችል ሰው ሕመሙን የሚናገረው በጸባዩ ነው።

8ኛ. ሲቀነስ ቀስ ተብሎ

በራሳችሁ አታቁሙ። ብዙ ባለሙያዎች ከ10 እስከ 25 በመቶ እየቀነሱ በየወሩ ገደማ ያያሉ። ለዓመታት የወሰደ ሰው ከዚህም ቀስ ሊል ይችላል። በድንገት ሲቆም ያለፈቃድ የሚመጡ እንቅስቃሴዎች ይነሣሉ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያስመልሳል፣ ረብሻም ይመለሳል። ቤተሰብ ያኔ "ያለ መድሃኒት አይሆንም" ብሎ ይደመድማል። በቀናት ውስጥ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ የመቀነሱ ጣጣ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ባለበት ማቆየት ወይም አንድ ደረጃ መመለስ ይበቃል። ተደብቆ የነበረ የአፍ እንቅስቃሴም ሲቀነስ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ዶዝ መልሶ መጨመር እንቅስቃሴውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። በጾም ምክንያት ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ ሰዓቱን ሐኪሙ ያስተካክልላችሁ። ቀን ላይ ተቋርጦ ማታ እጥፍ መስጠት ትልቅ አደጋ አለው። የመቀነሻውን ጊዜም ምረጡ፤ የትምህርት ቤት ለውጥ፣ ቤት መቀየር ወይም ለቅሶ ባለበት ወር አትጀምሩ።

9ኛ. እስኪሻለው ድረስ በቤት ውስጥ

መዋጥ የከበደው ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። ትልቅ ጉርሻ ይቅር። እንጀራውን በወጡ አርሱት፣ ሥጋውን አድቅቁት፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላውን አታጉርሱ። ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ አታጉርሱት። ውኃ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። የሚወድቅ ከሆነ ምንጣፉን አንሡ፣ ነጠላ ጫማውን ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ቀይሩ። የሚቁነጠነጠውን ደግሞ አትያዙት፣ አብራችሁት ተራመዱ። ሰፊ ግቢ ካለ ግቢው ይሻላል።

10ኛ. ክትትሉን በቀን ያዙ

መድሃኒት ሲጀመር ወይም ሲቀየር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ የ5ኛውን ምርመራ ድገሙት፤ ቀኑን፣ ያያችሁትንና የነበረውን ዶዝ በአንድ ደብተር ጻፉ። በዓመት ቢያንስ አንዴ ደግሞ ደብተሩን ይዛችሁ እያንዳንዱ መድሃኒት እንዲቀጥል ወይም እንዲቀነስ ከሐኪሙ ጋር አንድ በአንድ ተነጋገሩ። መድሃኒቱ ቆሞም ቢሆን ምርመራውን ለጥቂት ወራት ቀጥሉ፣ ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ መድሃኒቱ ከቆመ በኋላም ብቅ ሊል ይችላልና። ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ እናት ብቻ ሳትሆን እህትም፣ ሠራተኛም፣ መምህሩም ይወቁ።